ለእህቴ ሠርግ የመረጥኩት ቅጥያ ጸጉር

ሞጣ ላይ ሥራ ስጀምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተመደብኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና መመለስ ስለነበር ባለጉዳይ ሁሉ በመስኮቱ በኩል የሚያየው ራሴን ነው፤ አጎንብሼ ስፈልግ መሐል አናቴን፣ ቀና ስል ግንባሬን። ጸጉሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስስ ነው። እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ ገና ጀመርኩ ስትል ያልቅባት ነበር። የታናሽ እህቴ ግን ማበጠሪያ ይሰብራል። ቢቸና ቤታችን በረንዳ ላይ ሁለታችንን አስቀምጣ ስትሠራን የእኔ ቶሎ ያልቃል፤ የእህቴ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከብት ሲገባ ነው የሚጠናቀቀው። በልጅነቴ ቶሎ ተነሥቼ ስለምጫወት ዕድለኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። መቅናት የጀመርኩት ሞጣ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሞባይል በየሰዉ እጅ እየገባ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ቅጥያ ጸጉርም ሞጣ ገባ። መጀመሪያ የባንክ ሠራተኞቹ አደረጉት፣ ከዚያ አስተማሪዎቹ፣ ከዚያ የእኛ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ። እኔ ስመኝ ከረምኩና አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ጸጉር ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ባሕር ዳር የተማረች ቀጭን ሴትዮ ነች። ሳትስቅብኝ አስቀመጠችኝና አመራረጡን አስተማረችኝ።

የሰው ጸጉር የሚባለው ለእኛ ደመወዝ አይደፈርም አለችኝ። የምንገዛው ፋብሪካ የሚያወጣውን፣ በላስቲክ ታሽጎ የሚመጣውን ነው። ርካሹም ግን ዓይነት አለው። ሱቅ ውስጥ አትግዢ፣ ደጅ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ እዪው፤ እንደ ፌስታል ካብለጨለጨ መልሺው። መዳፍሽን አርጥበሽ ሳቢው፤ ከተንጫጫ ያሳክክሻል። ድፍን ጥቁሩን ተዪ፣ ከሩቅ ይታወቃል፤ ትንሽ ቡናማ ያለበትን ውሰጂ። ከመሠራትሽ በፊት አቼቶ ጠብ ባደረግሽበት ውኃ አሳድሪው፤ ፋብሪካው የቀባው ነገር ይለቀዋል። ተጎንጉኖ ሲያልቅ ደግሞ ጫፉ የፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ያለዚያ እየተፈታ ያዋርድሻል።

አንድም አልረሳሁም። ያደረግሁት ጊዜ ሁለት ቀን ራሴን አሞኝ ቅንድቤ ወደ ላይ የተሳበ መሰለኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሲያሳክከኝ በጣት መቧጨር ስለማይቻል በእስክሪብቶ እጠቀጥቀው ነበር። ሦስተኛው ቀን ግን ሁልጊዜ «ነይ እስቲ አንቺ» የሚለኝ አንድ ነጋዴ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እባክዎ፣ ፋይሌን» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሕመሙን ረሳሁት። መስተዋት ባለበት ሁሉ ራሴን ማየት የለመድኩትም ያኔ ነው። የሱቅ መስኮት፣ የቆመ መኪና መስታወት፣ የጠቆረ የቴሌቪዥን ፊት፣ ምንም አይቀረኝም።

በዚያው ዓመት የእህቴ ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች። ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁማ ከእናቴ ጋር ቤት ውስጥ ነበረች። ባሏ የሚሆነው ልጅ እዚያው ቢቸና እህል የሚነግድ ረጋ ያለ ሰው ነው። ችግሩ ጸጉሯ ነበር። ክረምቱ ላይ ያሳደገቻት አያታችን ሞታ እህቴ በሐዘን ጸጉሯን ከሥሩ ተቆርጣው ነበር። ለሠርጉ የደረሰላት ጣት የማትሞላ ናት። በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝና ብዙ ነገር ስታወራ ቆይታ በመጨረሻ፣ ሙሽራ ሆኜ እንደ ወንድ ልቆም ነው አለችኝ። እኔም ወዲያው ቅጥያውን ይዤ እንደምመጣና ራሴ እንደምሠራት ቃል ገባሁላት። እጄን ለማሳየት ጓጉቼ ነበር። ጸጉር ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስመለከት የተማርኩትን ሁለት ጓደኞቼ ላይ ሞክሬው ደህና ወጥቶልኝ ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። ቅጥያ ጸጉር የሙት ጸጉር ነው የሚል ወሬ ሰምታ ነበርና አያቷን ቀብራ የሙት ጸጉር ራሷ ላይ ልትጭን ነው ወይ አለች። ፋብሪካ እንደሚሠራው ብነግራትም የጎረቤቷ ሴትዮ በዚያችው ባለችው ጸጉር ቀጭን ሹሩባ ሠርታላት ቅቤ ቢጤ ብትቀባት ይበቃል ባይ ነበረች። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በሴት ጸጉር ነገር አይገቡም። ቅጥያውን ከላስቲኩ ሳወጣው ብቻ አየት አደረጉና፣ የተቀጠለ ነገር መገጣጠሚያው ላይ ይታወቃል ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ወጡ። ስለ ጸጉሩ ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም። ብቻ እኔ ተከራክሬ አሸነፍኩ። ደመወዝተኛ ነበርኩ፤ ቤት ውስጥ ቃሌ ይሰማ ጀምሮ ነበር።

ሐሙስና ዐርብ ሠራኋት። እህቴ ሁለቱን ቀን ዱካ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። አጭር ጸጉር ላይ መቀጠል ሥቃይ ነው፤ ከሥሩ አጥብቆ ካልያዙት ይወልቃል። ዓይኗ እንባ ያቀራል፣ አንገቷ ግን አይነቃነቅም። አንዴ ደከመሽ ወይ ብላት፣ አንቺ ቆመሽ እኔ ምን ይደክመኛል አለችኝ። ውጭ ሴቶቹ ጠላ ይጠምቃሉ፣ በርበሬ ይደልዛሉ፣ ዳሱ ይተከላል። የእኛ ክፍል ውስጥ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ስለ ወደፊት ባሏ ሥርዓት፣ ስለ አማቷ፣ ስለሚከራዩት ቤት አጫወተችኝ። ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ረጅም ሰዓት አውርተን አናውቅም።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ያምር ነበር፤ ይህን አሁንም እላለሁ። ወገቧ ላይ ይደርሳል። የቀረው ጫፉን መንከር ብቻ ነው። ውኃ አፍልቼ በጆግ ቀዳሁና በጨርቅ ያዝኩት። ጸጉር ሠሪዋ እንዳስተማረችኝ ቢሆን ጆጉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ነው የሚነከረው። እኔ ግን ቸኮልኩና ጆጉን በአንድ እጄ ይዤ ከጀርባዋ ከፍ አደረግሁት፣ በሌላው እጄ ጉንጉኑን እየሰበሰብኩ ጫፉን ወደ ውስጥ እመልሰው ጀመር።

ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ለሠርጉ ከጎረቤት የተዋስነው ትልቅ መስተዋት ተደግፏል። እህቴን ሳይሆን ራሴን አየሁት። የእኔ ጸጉር በአንድ ትከሻዬ በኩል ወርዶ ነበር። ወደ ኋላ ልመልሰው ብዬ ራሴን ወዘወዝኩ፣ እንዴት እንደሚወድቅ ለማየት። እጄ ዘነበለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ውኃው ከማጅራቷ ጀምሮ በትከሻዋና በጀርባዋ ወረደ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ገባች፤ ከኋላዋ አክስቴና ሁለት ጎረቤቶች። ምን ሆነች ብላ ስትጠይቅ ገና ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ አላፈሰስኩላትም፤ ጆጉም ከእጄ አልወረደም ነበር።

«ተነቃነቀችብኝ» አልኩ።

ያን ቃል አስቤበት አላልኩትም። ከአፌ የወጣው ከእሷ ጩኸት ጋር ነው ማለት ይቻላል። ግን ወጣ፤ መልሼም አልወሰድኩትም። እህቴ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ የልጇን ቀሚስ ከጀርባዋ እየገፈፈች፣ ምናለ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትረጊ እያለች ትቆጣና ታለቅስ ነበር። አንዷ ቅቤ አምጡ አለች፣ ሌላዋ እንቁላል። እኔ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ካልሄድን ብዬ ላይ ታች ማለት ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ጎበዝ ልጅ፣ እሷ ባትኖር ምን ይውጣቸው ነበር ይለኛል።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ቆዳውን አጥባ ቅባት አድርጋ በፋሻ ሸፈነችው። ጠባሳ እንደሚተው ነገረችን። ሠርጉን ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ስጠይቅ እናቴ ጠላው ደርሷል፣ በሬው ነገ ይታረዳል፣ ሰው ተጠርቷል አለች። እህቴ ራሷ፣ እችላለሁ አለች።

እሑድ ዕለት በፋሻው ላይ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ካባ ደርባ ተሞሸረች። ትኩሳት ነበራት፤ እጇን ስይዘው ይፋጃል። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ጸጉሩ እንዲታይ ነጠላውን ዝቅ አድርጊው ሲላት ራሷን ነቀነቀችና ቀና ብላ ቆመች። የዚያን ቀን ካሴት እኔ ሞልቼበታለሁ። በእያንዳንዱ ጭፈራ ላይ አለሁ፣ ጸጉሬ ሲወዛወዝ ይታያል።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ፣ በግንደ ወይን አድርጌ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። ለመልሱ ፈቃድ አልነበረኝም። ኋላ እንደሰማሁት በአራተኛው ቀን ጉንጉኑ ቁስሉ ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገራት አማቷ መቀስ አምጥታ ሁሉንም ከሥሩ ቆርጣ ጣለችው። ለመልስ እናቴ ቤት የመጣችው ተላጭታ፣ ራሷን በሻሽ አስራ ነው። እኔ በዚያው ሳምንት ሞጣ ላይ፣ እንዴት አምሮብሻል እየተባልኩ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጬ ነበር። ጸጉሬን የፈታሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀድሜ ልፈታው አስቤ ነበር። ገና አዲስ ነው፣ ያሳዝናል ብዬ ተውኩት።

ቃጠሎው ሲሽር ወሬው አልሻረም። «ተነቃነቀችብኝ» ያልኩት በዚያው ዕለት የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ የቤተሰቡ ጨዋታ ሆነ። ለበዓል በተሰበሰብን ቁጥር አክስቴ ታነሣዋለች። ሠርጓ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መቀመጥ አቅቷት ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል። እህቴም ትስቃለች። ልጅ ወልዳ ልጅቷ ጸጉሯን መሠራት እንቢ ስትል እናቴ፣ ረጋ ብለሽ ተቀመጪ፣ እናትሽን ያቃጠላት ቅብጥብጥነቷ ነው ትላት ነበር። እኔ ያኔ ወይ ሰሐን አነሣለሁ፣ ወይ ደጅ እወጣለሁ። እናገራለሁ እያልኩ ዓመት ዓመትን ወለደው። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እንኳ እህቴን በውኃ አቃጥያታለሁ አልኩ እንጂ ዋሽቻለሁ አላልኩም። እርሳቸውም ሳታስቢ ያደረግሽው ነው ብለው ጥቂት ስግደት ሰጡኝ።

እናቴ ስትታመም ፈቃድ ወስጄ ወር ያህል ቢቸና ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አውጥቻት ራሷን እያጠብኳት፣ አሁን ልንገራት ብዬ ቆረጥኩ። «እማዬ» አልኳት። እሷ ግን የራሷን ሐሳብ ይዛ ኖሮ ቀደመችኝ።

«እኔ ካለፍኩ እህትሽን አደራ። እሷ ቅብጥብጥ ናት፣ ነገር ከእጇ ይወድቃል። የረጋሽው አንቺ ነሽ።»

ውኃው በጣቶቼ መካከል ይወርዳል። እሺ እማዬ አልኩ። አደራውን በውሸቱ ላይ ተቀበልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች።

ከአርባዋ በኋላ እህቴና እኔ የእናታችንን ልብስ እየለየን ነበር፤ ለድሃ የሚሰጠውን ወዲህ፣ የሚቀመጠውን ወዲያ። ሙቀት ስለነበር ነጠላዋን አውልቃ ነበርና ጠባሳው በቀሚሷ አንገት በኩል ወጥቶ ይታያል፤ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ያብረቀርቃል። ልብሱን አስቀመጥኩና ነገርኳት። እሷ እንዳልተነቃነቀች፣ መስተዋት ሳይ እንደነበር፣ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ እንደማላውቅ፣ ሁሉንም።

የያዘችውን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች።

«አውቃለሁ እታለም» አለች። «ጸጉርሽን ስትመልሺ በመስተዋቱ አይቼሻለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ምን ልበል? አንቺ ቀድመሽ ተናገርሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆመሽ ሠራሽኝ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቆሟል። በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ።»

ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ። ቃጠሎውን ከረሳሁት ቆየሁ አለች። ያልረሳችው ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን ከእጇ ዕቃ ትቀማት ጀመር። ድስት ልታወርድ ስትል ተይው ትደፊዋለሽ ትላታለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የማጠቢያውን ውኃ እንኳ አላስነካቻትም፤ አንቺ ቁጭ በይ ብላ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ስትታመምም መድኃኒቷን እንድሰጣት የፈለገችው እኔን እንደነበር አስታወሰችኝ።

«እሷ ስለ እኔ እንደዚያ እያሰበች ሞተች» አለች እህቴ። «እሱን ብቻ ነው ያልቻልኩት።»

ላለቅስ ፈለግሁ፤ ግን እሷ እያለቀሰች እኔ ማልቀስ ደግሞ ሌላ ቅሚያ መሰለኝና ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቃት ለአባባ ንገሪያቸው አለችኝ።

በማግስቱ አባቴን ከተማሪዎቻቸው ነጠል ብለው ሲቀመጡ ጠብቄ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ መልሰው እስክጨርስ አዳመጡኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ውሸቱን ስትናገሪ እኔ አልነበርኩም» አሉ። «የሰሙት ሌሎች ናቸው። ለእኔ ብቻ ነግረሽ ልትገላገዪ ነው?»

ስለዚህ ለእናቴ ሙት ዓመት ዘመድ ሲሰበሰብ ለመናገር ወሰንኩ። ከሞጣ ስመጣ መንገዱን ሁሉ የምለውን ስደጋግም ነበር። ካህናቱ በልተው ከሄዱ በኋላ አክስቴ፣ የእህቴ አማት፣ ያን ዕለት የነበሩት ጎረቤቶች ተቀምጠው ሳለ ተነሣሁና ተናገርኩ። እህቴ አልተነቃነቀችም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ አልኩ።

አክስቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ተመልከቱ ይቺን ልጅ አለች፤ እናቷ አደራ ብትላት የእህቷን ጥፋት ለራሷ ወሰደችው። የእህቴ አማትም፣ እንዲህ ዓይነት ታላቅ እህት ያላት ታድላለች ብላ መረቀችኝ። እውነቴን ነው፣ እንዲያው ለማለት አይደለም ብዬ ብምል ብገዘት ይበልጥ አለቀሱ። አንዷ ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ስለ ጥፋቴ ተናግሬ በምርቃት ተቀመጥኩ። አባቴ ከማዕዘኑ ሆነው መቋሚያቸውን ሲያሻሹ ነበር።

እህቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ነገሩ እንደማይሆን አስቀድማ እንዳወቀች ሰው ብቻ ትከሻዋን ሰበቀችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ዕቃዬን አስጭነን አውቶቡሱ እስኪሞላ ጥግ ይዘን ቆምን። አላመኑኝም እኮ አልኳት።

«ደግመሽ ንገሪያቸው» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እኔ ዘጠኝ ዓመት ሰምቻለሁ» አለችኝ፣ ያለ ቁጣ፣ የመኪናውን ሰዓት እንደምትነግረኝ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ አንዴ ለፋሲካ፣ አንዴ አክስቴ ስትታመም ልጠይቃት ሄጄ። አክስቴ እጄን ይዛ፣ ተይው ልጄ፣ እግዜር ልብሽን አይቶታል አለችኝ። ሞጣ ስመለስ ያቺ ጸጉር ሠሪ አዲስ ዓይነት ቅጥያ መጥቷል፣ ቀላል ነው፣ አያሳክክም ብላ ከበሯ ላይ ጠራችኝ። ገብቼ ፀሐይ ላይ አየሁት፤ በእርጥብ መዳፌ ሳብኩት። ጥሩ ነበር። ገዛሁት። ይህንንም ለእህቴ ነገርኳት።